አሜን ያልንበት ቅዳሜ

ባለፈው ወር ማዘጋጃ ቤቱ ስለ ቧንቧ ውሃ ስብሰባ ጠርቶን ነበር። እኔ ስብሰባ አልወድም፤ ጉልበቴም ወንበራቸውን አይወድም። ግን ቧንቧችን ከደረቀ ሰንብቷል፤ ጎረቤቴ ዘሐራ ደግሞ «አንቺ ካልሄድሽ ማን ይናገርልናል? ምላስሽ እንደሁ ከዕድሜሽ ጋር አላረጀ» ብላ እጄን ይዛ ጎተተችኝ። አዳራሹን አዲስ ቀለም ቀብተውታል፤ ሽታው ራስ ያዞራል። መድረኩ ላይ የፕላስቲክ አበባ ተደርድሯል፤ ለእነሱ ለእነሱ የታሸገ ውሃ ቀርቧል። ስለ ውሃ ችግር ሊያወሩን የታሸገ ውሃ ይዘው መምጣታቸው፣ ኧረ ተዉኝ! አንድ ቀጭን ልጅ፣ ኮቱ ከትከሻው የሰፋ፣ ማይክራፎኑን እፍ እፍ አለና «ከዚህ አኳያ ባለድርሻ አካላት በየደረጃው አቅጣጫ አስቀምጠናል» ማለት ጀመረ። አቅጣጫ ሲያስቀምጥ ሲያስቀምጥ ረፈደ፤ ውሃ የሚባል ቃል ግን ካፉ አልወጣም። ዘሐራ ጆሮዬ ላይ «ምን እያለ ነው?» አለችኝ። «እኔ እንጃ፤ እንደ ሌሎቹ ነው የሚናገረው» አልኳት። እውነቴን ነው። ልብሳቸው ይለዋወጣል፤ ካኪው ይሄዳል፣ ኮቱ ይመጣል፤ ሰው እንደሌለበት አድርጎ መናገሩን ግን እርስ በርስ ይወራረሱታል። እሱስ ለምዶብኛል። እኔን የጎዳኝ ከዚያ በፊት የሆነው ነው። ለመክፈቻ አንድ ሽማግሌ አስነስተው አስመረቁን። ሽማግሌው እጃቸውን ሲዘረጉ እኛም መዳፋችንን ወደ ላይ አድርገን፣ እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ድምፅ «አሜን» አልን። ልክ እንደዚያን ቀን። ያን ያህል ሰው ባንድ ጊዜ አሜን ሲል ስሰማ ገላዬን ይሰቀጥጠኛል፤ ዘንድሮም ያው ነው።

ከተማችን መካነ ሰላም ያኔ እንዲህ አልነበረችም። አስፋልት የለ፣ መብራት የለ፤ ከደሴ ጭነት መኪና የመጣ እንደሆነ ከተማው ግልብጥ ብሎ ይወጣና ሾፌሩን እንደ ሙሽራ ይከበዋል። ክረምት ከገባማ መኪናውም ጭቃው ላይ ተኝቶ ይከርማል፤ እኛም ከጨው ጋር እንለያያለን። የሐጂ ሱቅ ጥግ፣ አሁን ሞባይል የሚጠግኑባት ቦታ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የገበያው እምብርት እሷ ነበረች። አቡጀዲው ተጣጥፎ ይደረደራል፤ በክንድ ይለኩልሃል፤ የሐጂ ክንድ አጭር ስለሆነ ሴቶቹ «ሐጂ፣ በልጅዎ ክንድ ይለኩልን» እያሉ ያሾፉባቸው ነበር። እንቁላል አምስቱ በስሙኒ። ሸራ ጫማ ያደረገ ልጅ እንደ ሹም ልጅ ይታያል። ብርዱ የታወቀ ነው፤ ወንዶቹ የበግ ጠጉር ባና ተከናንበው፣ ዘንጋቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው፣ ከወግዲ በኩል የመጣውንም ከደጎሎ የዘለቀውንም «ሰላም አለይኩም፣ እንዴት ሰነበታችሁ፣ ከብቱ ደኅና፣ አዝመራው ደኅና» ሲሉት ሰላምታው ብቻ ግማሽ ገበያ ይፈጃል። ሰላምታው ሳያልቅ ዋጋ የጠየቀ ሰው ባለጌ ነው። እኔ ያን ጊዜ ጡቴ ያጎጠጎጠ ልጅ ነበርኩ፤ ሁለት ቀሚስ ነበረኝ፤ አንደኛው የዓመት በዓል ስለሆነ አይቆጠርም።

አባቴ መሪጌታ ደምሴ ይባላል። ከከተማው ወጣ ብላ ያለችው የደብራችን መሪጌታ ነው፤ ዜማ ያስተምራል፣ ማኅሌት ይመራል። ሰው የሚያውቀው ግን በዜማው አይደለም፤ በምርቃቱ ነው። አፉ የያዘለት ሰው ነበር። ሙሽራ ሲወጣ፣ በሬ ሲጠመድ፣ አዲስ ቤት ሲገባ፣ ልጅ ለትምህርት ደሴ ሲላክ፣ «ኧረ መሪጌታን ጥሩልን» ይባላል። እስላሞቹም ዱአ ሲቀመጡ ይጠሩታል፤ ጥግ ይዞ ይቀመጥና ተራው ሲደርስ እሱም በራሱ መንገድ ይመርቃል። ምርቃቱ ረጅም አልነበረም። ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ዓይኑን መሬት ላይ ይተክላል፣ ለዚያ ሰው የሚሆነውን ብቻ መርጦ ይላል። መካን ለሆነች ስለ ልጅ፣ ለነጋዴ ስለ መንገድ። አንድ ሕግ ነበረው፦ አይረግምም። ማንንም፣ ምንንም። አንድ ቀን ፍየላችን ፀሐይ ላይ የተሰጣውን ብራናውን በላችበት። ወራት የደከመበትን ነው። ተነሣ፣ ዱላውን አነሣ፣ ከዚያ ፍየሏን ትክ ብሎ አይቶ «ልቦና ይስጥሽ» አላት። እናቴ ሳቋን መያዝ አቅቷት ጓዳ ገባች። እኔ «ለምን አልረገምካትም?» ብለው፣ «በዚህ አፍ ሰው እመርቅበታለሁ፤ ሌላ ነገር አልቀላቅልበትም» አለኝ። አልቀለደም። ሰውም የሚያምነው በዚህ ነበር፤ የተራገመ አፍ ምርቃቱ አይደርስም ይሉ ነበር። እኔም ከሁሉ በፊት የማስበው የራሴን ነበር፦ ስዳር ጉልበቱን ስሜ የሚመርቀኝን ምርቃት። ሌሎቹ ሴት ልጆች ስለ ጥሎሽ ሲያወሩ እኔ «የኔ አባት እኮ መሪጌታ ነው» እያልኩ እኩራራባቸው ነበር።

ከዚያ ክፉ ቀን መጣ። የዓመተ ምሕረቱን ነገር ለሚያውቁት እተወዋለሁ። እኔ የማስታውሰው ገብሱ ዛላ ሳያወጣ መቅረቱን ነው፤ ሰማዩ ንጹሕ ሰማያዊ ሆኖ በየማለዳው ሲያፈጥብን ነው። መጀመሪያ ከቆላ በኩል ሰዎች መምጣት ጀመሩ፤ ቀጥሎ የኛው የደጋው ሰው ራሱ ወጣ። ግን «ረሃብ» የሚል ሰው አልነበረም። ሹማምንቱ ሰዎቹን «መንገደኞች» ነበር የሚሏቸው። መንገድ ዳር የወደቀውን፣ ቆዳና አጥንት የሆነውን ሰው «መንገደኛ»! አንድ ጊዜ ትልቅ ሹም ከደሴ ይመጣል ተባለና መንገደኞቹን ከመንገዱ አንሥተው ገደሉ ዳር አስቀመጧቸው። ሹሙ ላንድሮቨሩን አቁሞ፣ ንጹሕ ጃኖ ለብሶ፣ «ዘንድሮ የዝናቡ ነገር ትንሽ ተዛብቷል ይባላል» አለ። የኛም ሰዎች «አዎ ጌታዬ፣ ትንሽ» አሉ። ትንሽ! ያን ቀን ማታ እናቴ እንጀራ ሳይሆን የተቀቀለ ቅጠል ነበር የሰጠችን። ረሃቡን በስሙ መጥራት ንጉሡን መክሰስ ይመስላቸው ነበር፤ ስሙ ያልተጠራ ነገር ደግሞ እህል አይላክበትም።

እህል ያላቸው ቀኛዝማች ውብነህ ነበሩ። አንቱ ማለቴን ታያላችሁ? ይኸው ስንት ዓመት፣ እህቴን በረሃብ የገደሉብኝን ሰው ዛሬም አንቱ እላቸዋለሁ፤ ምላሴ እንቢ ይለኛል። ጎተራቸው ከቤታቸው ይበልጥ ነበር። በሬ የሰጠ፣ መሬቱን የፈረመ ሰው ቁና ባቄላ ይሰፈርለታል። ታናሽ እህቴ ጥሩወርቅ ስትደክም እናቴ የአንገቷን ድሪ ፈትታ ሄደች። እኔም አብሬያት ሄድኩ። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ጥቁር ካባ ደርበው፣ ጭራ እየነሰነሱ። ድሪውን አዩት፣ መለሱላት። «የመሪጌታ ሚስት፣ ባልሽ ምርቃት በነጻ ነው የሚሰጥ፤ የኔ ጎተራ ምርቃት አይደለም» አሉ። ከዚያ ሳቁ፤ ክፋታቸው እንኳ አልታወቃቸውም። ጥሩወርቅ በሳምንቱ፣ እናቴ ጭን ላይ፣ «ውሃ፣ ውሃ» እያለች ሞተች። ውሃ እየሰጠናት ነው የሞተችው፤ ጉሮሮዋ አልቀበል ብሏት። አባቴ ቀበራት፣ ተመለሰ፣ ደጃፍ ላይ ተቀመጠ። ጎረቤቱ ሁሉ መጥቶ ቀኛዝማችን ሲረግም ዋለ። እሱ «እግዜር ያመጣው ነው» ብቻ አለ። እኔ ተናደድኩበት። እግዜር መች ጎተራ አለው?

ንጉሡ ወረዱ፣ ጊዜው ተገለበጠና ተማሪ ዘማቾቹ መጡ። ጭነት መኪናው ሙሉ ልጆች፣ ካኪ የለበሱ፣ ፀጉራቸው እንደ ሣር ክምር የቆመ፣ ሴቶቹ ሱሪ የታጠቁ። የኛ ሴቶች አፋቸውን በነጠላ ጫፍ ይዘው «ወላሂ፣ እነዚህ ሴት ናቸው?» ይሉ ነበር። ዘማቾቹ በየጥጉ ይዘምራሉ፤ ዜማው ወታደር ወታደር ይላል፤ እኛም ወተት ስንንጥ ሳናውቀው እናንጎራጉረው ጀመር። አለቃቸው ኤልያስ የሚባል የአዲስ አበባ ልጅ ነበር፤ ቀጭን፣ ብርዱ የማያስቀምጠው፣ ውሻ የሚፈራ። መጀመሪያ ቀን ገበያው ሜዳ ላይ ሰበሰበን። ከእንጨት ሳጥን ላይ ወጣ፣ ግራ እጁን ጨብጦ ወደ ሰማይ ወረወረና፣ በሚያስደነግጥ ድምፅ «ፊውዳሊዝም ይውደም!» አለ። ሕዝቡ መዳፉን ዘርግቶ «አሜን!» አለ። ኤልያስ ደንገጥ አለ። «ኢምፔሪያሊዝም ይውደም!» «አሜን!» ከኋላው ያሉት ዘማቾች እየተያዩ ሳቁ፤ አንዱ ግን ተቆጣ፤ «እያሾፉብን ነው፤ ካህናቱ ናቸው ያሠለጠኗቸው» አለ። ማንም አላሾፈም። የኛ ሰው አንድ ቆሞ የሚናገር ሰው «ይሁን፣ ይስጥ፣ ይጥፋ» ካለ አሜን ከማለት ሌላ አያውቅም፤ ከእናቱ ጡት ጋር የጠባው ነው። ኤልያስ «አሜን አይባልም! እናንተም እጃችሁን ጨብጡና ይውደም በሉ!» አለ። ያኔ አባቴ ከመሃል ተነሣ። «ልጄ፣ ይህ እርግማን ነው» አለው ቀስ ብሎ። «እርግማን በዋዛ አይወጣም። ማን ላይ እንደሚያርፍ አይተኸዋል?» ኤልያስ ሳቀ። «መሪጌታ፣ ሥርዓት ላይ ነው የሚያርፈው፤ ሰው ላይ አይደለም» አለ። ሲለው ከልቡ ነበር። እኔ አምኜዋለሁ።

ውሎ አድሮ ኤልያስ የቤታችን ሰው ሆነ። እናቴ እህል ባይኖራትም ሰው ትወዳለች፤ የተቆላ ባቄላ አፍሳ ትሰጠዋለች፣ እሱ ኪሱን ሞልቶ ይሄዳል። ከአባቴ ጋር ሲከራከሩ ቢውሉ አይሰለቻቸውም። ኤልያስ አንድ ቀን «መሪጌታ፣ 'እግዜር ያመጣው ነው' ሲሉ ማንን እንደሚጠቅሙ ያውቃሉ? ቀኛዝማችን! እግዜር ካመጣው እሳቸው ንጹሕ ናቸው ማለት ነዋ» አለው። እኔ በሩ ጋ ሆኜ ልጁ እውነት እንደተናገረ አወቅሁ። እስከ ዛሬም እውነት ነው እላለሁ። ግን ያው ልጅ ስለ እናቱ ሲያወራ እንደ ሰው ያወራል፤ «ሹራብ ልካልኝ ነበር፣ ደሴ ላይ ሰረቁት» ይላል፣ ዓይኑ እንባ ያቀርራል። ስለኛ ሲያወራ ግን «ሰፊው ሕዝብ» ይለናል። እናቴ ሽሮውን አቅርባለት «የቱ ነው ሰፊው? እኛ እንደሁ ከክፉ ቀን ወዲህ ቀጥነናል» ስትለው እሱም ሳቀ። ከዚያ እኛም ቀስ በቀስ እንደሱ መናገር ጀመርን። የገበያው ሴቶች ሲጣሉ «አድሃሪ!» ይባባላሉ። አንዲት ጎረቤታችን ባሏ ጠላ ሲያበዛ «አንተ ጨቋኝ» ብላ ከቤት አስወጣችው። ሕፃናቱ ድብብቆሽ ሲጫወቱ የተያዘውን «አጋልጡት!» ይሉታል። ሳቅንበት። ቃል ቤት ሲገባ እንደ እንግዳ ነው፤ ሰንብቶ ነው ቤቱ የሱ የሚሆን።

ያቺ ቅዳሜ። ቀኛዝማች ወደ ዓባይ በረሃ ሸሽተው ከርመው ነበር፤ ተያዙ። ሜዳው ላይ አቆሟቸው፤ ካባ የለ፣ ጭራ የለ፤ እጃቸው ወደ ኋላ ታስሯል፣ እግራቸው ባዶ ነው፣ ተረከዛቸው ተሰነጣጥቋል። አርጅተው ነበር። ከአውራጃው የመጡ ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ዳር ይዘው ቆመዋል፤ የነሱን ፊት እስከዚያ ቀን አይተነው አናውቅም። ኤልያስ ሳጥኑ ላይ ወጣ። «ጭቁን ገበሬዎች! የበደላችሁ ሰው ይኸው! ያደረገባችሁን ተናገሩ፤ አትፍሩ!» ማንም አልተናገረም። በሬውን የተቀማው ሰው አጎነበሰ። መሬቱን የፈረመው በዘንጉ መሬት ይጭራል። አንድ ሽማግሌ ተገፋፍተው ተነሡና «እንግዲህ፣ ያም ያልፋል፣ ይኸም ያልፋል፤ እግዜር ያመጣው ነው» ብለው ተቀመጡ። ጠመንጃ የያዙት ሰዎች ተያዩ፤ ከመሃላቸው አንዱ ኤልያስን በአገጩ ጠራውና የሆነ ነገር ሹክ አለው። ኤልያስ ላብ አጠመቀው። ሕዝቡ ካልተናገረ እሱም እንደሚጠየቅ ገብቶታል። ዓይኑ ተንከራተተና አባቴ ላይ አረፈ። «መሪጌታ፣ በእርስዎ ምርቃት ይከፈትልን፤ ሰዉ ይፍታታ» አለ። ለደግ ብሎ ነው። የኛ ሰው ምርቃት ሳይሰማ አፉ እንደማይከፈት ከኛ ጋር ኖሮ አውቋል።

አባቴ ተነሣ። መቋሚያውን ተደግፎ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ እንደ ወትሮው ዝቅ ባለ ድምፅ ጀመረ። «ዝናሙን በጊዜው ያውርድልን።» መዳፉ ሁሉ ተዘርግቷል። «አሜን።» «የተበተነውን ይሰብስብልን።» «አሜን።» «በክፉ ቀን የረገፉትን፣ ቀባሪ ያጡትን፣ ሕፃናቱን ነፍስ ይማርልን።» «አሜን።» ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ። እና ከዚያ አሜን ውስጥ አንድ ድምፅ ተለይቶ ተሰማ፤ ወፍራም፣ ትእዛዝ የለመደ ድምፅ። ቀኛዝማች ናቸው። እጃቸው ታስሮ መዳፋቸውን መዘርጋት ባይችሉ ራሳቸውን ወደ ሰማይ ቀና አድርገው፣ ከሁሉ አስበልጠው «አሜን» አሉ። ለጥሩወርቅ ነፍስ አሜን አሉ! ፈርተውም ይሆናል። ከልባቸውም ይሆናል፤ አላውቅም። አባቴ ቀና አለ። የአባቴን ፊት እንዲያ ሆኖ አይቼው አላውቅም፤ እናቴ ክንዴን ጨመደደችኝ። «አንተ!» አለ። ቀኛዝማችን አንተ ያለ ሰው ሰምተን አናውቅም። «አንተ አሜን ትላለህ? አሜን ያለ አፍህ ይዘጋ! ልጄ ውሃ ውሃ እያለች እንደሄደች ጉሮሮህ ይድረቅ! በሰው ሞት ላይ የሳቀ ጥርስህ ይርገፍ! የነገዋ ጀንበር አንተ ላይ አትውጣ!» የሕዝቡ ዘንግም፣ መዳፍም፣ እንባም ባንድ ላይ ተነሣ። «አሜን!» አልን። እኔም አልኩ፤ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ አልኩ። ተራራው መለሰው። እንዲያ ያለ አሜን በዚያ አገር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም።

ኤልያስ ሳጥኑ ላይ ዘሎ ወጣ። ፊቱ በርቷል፤ ልጅ ነው፣ የተሳካለት ነው የመሰለው። «ሰፊው ሕዝብ ፍርዱን ሰጥቷል!» ብሎ ጮኸ። ጠመንጃ የያዙት ሰዎች አጨበጨቡ። እኛም አጨበጨብን፤ ለምን እንደሆነ ሳናውቅ። ስብሰባው ሲያልቅ መጨብጨብ ለምደን ነበር። በነጋታው ማልዶ፣ እናቴ እሳት ስታያይዝ፣ ከወንዙ በኩል ጥይት ተሰማ። ጀንበር ገና አልወጣችም ነበር። አባቴ ውዳሴ ማርያሙን እየደገመ ነበር፤ ቃሉ አፉ ላይ ተቆረጠ። ቀጥሎ ድምፅ ማጉያው በከተማው ሲዞር «በሰፊው ሕዝብ ጥያቄ መሠረት» አለ፤ የቀኛዝማችን ስም እንኳ አላነሣም፤ «አንድ አድሃሪ ፊውዳል» ብቻ። በሬውን የተቀማው ሰው በሬው አልተመለሰለትም፤ ጥሩወርቅም አልተነሣች።

ኤልያስ የመጣው ፀሐይ ሞቅ ሲል ነው። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል፤ አልተኛም። ሳይቀመጥ፣ «መሪጌታ፣ እኔ እስር ቤት የሚወስዷቸው ነበር የመሰለኝ» አለ። አባቴ አላየውም። «መሪጌታ፣ እኔ አይደለሁም። ሕዝቡ ነው የፈረደው፤ ሁላችንም ሰምተናል።»

«ሕዝቡ አሜን ነው ያለው» አለ አባቴ። «ግደሉ አላለም።»

«ታዲያ እርስዎ፣ የነገዋ ጀንበር አትውጣ ሲሉ?»

«እኔ ለእግዜር ነበር የተናገርኩት» አለ አባቴ። «እናንተ መሃል ላይ ተቀበላችሁኝ።» ኤልያስ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እናቴ ባቄላ አፍሳ ሰጠችው፤ አልወሰደም። ዓመት ሳይሞላ እሱም ተያዘ። ደሴ ላይ እንደሱ ያሉ ልጆች እሱንም አቁመው ለሰፊው ሕዝብ ፍርድ እንዳቀረቡትና እንደተረሸነ የጭነት መኪና ሾፌር ነገረን። ለሹራብ ላኪዋ እናቱ ማን እንደነገራት እንጃ።

ከዚያች ቅዳሜ በኋላ አባቴ መርቆ አያውቅም። መጀመሪያ የደከመው መስሎን ነበር። ማኅሌት ቆሞ ያዜማል፣ ልጆቹን ያስተምራል፤ «ይመርቁን» ሲሉት ግን ራሱን ነቅንቆ በእጁ ወደ ሌላ ሽማግሌ ይጠቁማል። ሰው ደግሞ ምን ያደርጋል መሰላችሁ? ፈራው። «የመሪጌታ አፍ ጀንበር አያስወጣም» ተባለ። አንዷ ጣውንቷን ይረግምላት ዘንድ ማር ይዛ መጣች። ሌላው በድንበር የተጣላውን ጎረቤቱን። የገበሬ ማኅበሩ ሹሞችም ስብሰባ ሲኖራቸው «መሪጌታ ይክፈቱልን» እያሉ ይልኩበታል፤ ሆዱን ያመዋል እያልን እንመልሳቸዋለን። ዕድሜ ልኩን ለምርቃት የፈለጉት ሰው ለእርግማን ሲፈለግ፣ አቤት የሚያሳፍር! አንዳንዴ ሳስበው ሹሞቹም «ይውደም» እያሉ ዓመታት ተራግመዋል፤ የሱ እርግማን ከነሱ የሚለየው እውነት መሆኑ ነበር። እነሱ ያን እውነት ያነሡና የራሳቸውን ስም ይለጥፉበታል። ይኸው የዘንድሮዎቹም ለኛ ለቅሶ «የሕዝብ ጥያቄ» የሚል ስም ያወጣሉ። ስሙን እንኳ አልቀየሩትም።

እኔም ተዳርኩ። ነጭ ሻሽ፣ ባለ ጥለት ቀሚስ፣ ከኩታበር የመጣ የብር መስቀል፤ ሙሽራው ካኪ ሱሪና አዲስ ቆዳ ጫማ፣ ጫማው እየጠበበው ሲያነክስ ነው የመጣ። ዘፋኞቹ ደጁን ሞልተውታል። ጉልበት የመሳሙ ሰዓት ደረሰ። የባሌን አባት ሳምን፣ መረቁን፤ እናቴን ሳምኩ፣ አለቀሰችብኝ። አባቴ ፊት ተንበረከክሁ። ዘፈኑ ቆመ። እጁን ራሴ ላይ አደረገ፤ ሰዉ ሁሉ ለአሜን ተዘጋጅቷል። ጠበቅሁ። ጉልበቴ ድንጋይ ላይ ነው፤ ጠበቅሁ። «አንድ ቃል ብቻ፣ መሪጌታ» አለች እናቴ። እኔ ቀና ብዬ አየሁት፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለውም። «አባባ፣ እኔ እኮ ነኝ» አልኩት። እጁን አነሣና ወጥቶ ሄደ። የባሌ ዘመዶች እርስ በርስ ተንሾካሾኩ። እኔ ሙሽራ ሆኜ፣ ያለ አባት ምርቃት፣ በቅሎ ላይ ወጣሁ። ተቆጥቼው ነበር፤ ብዙ ዓመት ተቆጥቼው ኖርኩ።

ሁለተኛው ክፉ ቀን ሲመጣ አባትሽ ታመመ ብለው ላኩብኝ። ያን ጊዜም ረሃብ አይባልም ነበር፤ ሌላ ቃል አውጥተውለት ነበር፤ ማንሣቱም ይሰለቸኛል። መንገዱ ላይ የቆሙትን ሰዎች እያለፍኩ ደረስኩ። መደቡ ላይ ባናውን ለብሶ ተኝቷል፤ ትንሽ ሆኗል። እናቴ ከሁለት ዓመት በፊት ሄዳለች። ውሃ አጠጣሁት። «አባባ፣ እንግዲህ መርቀኝ» አልኩት፤ ለዚህ ነው የመጣሁት፤ ልጆቼ ሁለቱ እንደተወለዱ ሞተውብኝ ነበርና፣ ያለ ምርቃት ስለተዳርኩ ይሆን እያልኩ በሆዴ የማስበውን እግዜር ያውቃል። ራሱን ነቀነቀ። «የኔ አፍ አይሆንም። አንቺ ነፍስ ይማር በይልኝ» አለ።

«ለማን?»

«ለውብነህ።»

ጥሩወርቅ መጣችብኝ፤ የደረቀ ከንፈሯ፣ ያ በረንዳ፣ ያ ሳቅ። «አልልም» አልኩት። «ለዚያ ሰው አልልም፤ አንተም እንዳትጠይቀኝ።»

«እኔ ስለረገምኩት ልለው አልችልም። አንቺ አልረገምሽም» አለ።

እኔ አሜን ማለቴን አላስታወሰም፤ ወይም አስታውሶ ተወልኝ። እጄን ይዞ አልለቅ አለ፤ ጣቶቹ እንደ በረዶ ናቸው። ዓይኑ እንደዚያች ቅዳሜ ሕዝብ አፌን አፌን ያየኛል። መዳፌን ዘረጋሁ። «ቀኛዝማች ውብነህን ነፍስ ይማር» አልኩ፤ ቶሎ ብዬ፣ እንደ ጋለ ነገር ከአፌ አወጣሁት። ከልቤ አልነበረም።

«አሜን» አለ አባቴ። ከብዙ ዓመት በኋላ የሰማሁት ድምፁ ነው፤ ሙሉ ድምፅ፣ የማኅሌቱ ድምፅ። ፊቱ ፈታ አለ። አሁን ለኔ ይሆናል ብዬ ራሴን ዝቅ አድርጌ፣ እጁን አንሥቼ አናቴ ላይ አስቀመጥኩት። እጁ ከበደኝ። ቀና ስል ሄዷል።